መብረቋ ቁጥር ሁለት በኮምቦልቻ

ትናንት ከቀትር በኋላ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ይመር ኑሩ ሶፋው ላይ እንደተቀመጠ ሕልም አየ። ሕልሙን ከሚስቱ በቀር ለማንም አልነገረም። ሚስቱ ለጎረቤት፣ ጎረቤት ለሰፈር፣ ሰፈር ለገበያ ነገረና ዛሬ ኮምቦልቻ ውስጥ ያልሰማ ሰው የለም። እኛም እንደሰማነው እናወራዋለን። ይመር ቢቆጣ በእኛ ሳይሆን በሚስቱ ይቆጣ።

ይመርን የማያውቅ ካለ፣ ሰውዬው የፊልም ተርጓሚ ነው። የፈረንጅ ፊልም ይቀበልና መስኮቷ በብርድ ልብስ የተጋረደች አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ማይክራፎን ይዞ ይገባል፤ ሲወጣ ፊልሙ አማርኛ ይናገራል። ሁሉንም የሚናገረው እሱ ብቻውን ነው። ጀግናውም እሱ፣ ሽፍታውም እሱ፣ የሽፍታው ሚስትም እሱ ነው፤ ለሚስትየው ድምፁን ትንሽ ቀጠን ያደርገዋል። እንግሊዝኛው እስከ ጉልበቱ ድረስ ነው፤ ከጉልበቱ በላይ ያለውን ከራሱ ይሞላዋል። ይህን የሚቀየምበት ሰው የለም፤ እንዲያውም ተመልካቹ አብልጦ የሚወድለት የሞላውን ነው። ቪዲዮ ቤት ውስጥ አንድ ሰው ተመትቶ ሲወድቅ ይመር ኑዛዜ ካልጨመረለት እንደሞተ የሚቆጥረው የለም።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት አንድ ፊልም መጣ። የአሥራ አምስት ዓመት ተማሪ ናት፤ እጇን ስታጨበጭብ መብረቅ ይወርዳል። የፈረንጅ ስሟ ለአፍ ስለማይመች ይመር «መብረቋ» አላት፣ ስሙም ጸደቀላት። በመጨረሻው ላይ መብረቋ ሻንጣዋን አንስታ ከቤት ስትወጣ አባቷ በራፍ ላይ ቆሞ አንድ ነገር ይናገራል። ሲዲው ግን እዚያች ቦታ ላይ ተቧጭሯል። የአባትየው ከንፈር ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። ሌላ ተርጓሚ ቢሆን ዝም ብሎ ያልፈው ነበር፤ ይመር ዝም ማለት አይሆንለትም። ድምፁን እያንቀጠቀጠ፣ «ልጄ፣ ዓለም ሰፊ ናት። እኔን አትዪ፤ ክንፍሽን ዘርጊ» አለ። ቪዲዮ ቤቱን የሞላው ሰው አለቀሰ። ከሁሉም አብልጣ ያለቀሰችው ከፊተኛው አግዳሚ ላይ የተቀመጠችው የገዛ ልጁ ሉባባ ነበረች፤ ያኔ የአሥር ዓመት ልጅ ናት። ንግግሩን ደብተሯ ጀርባ ላይ ጻፈችው። ደብተሩ ሲያልቅ ወደሚቀጥለው ደብተር ገለበጠችው።

ባለፈው ሳምንት ቁጥር ሁለት መጣ። መብረቋ በዚህኛው ከትምህርት ቤት ጓደኞቿ ጋር ውጭ አገር ትሄዳለች። ፊልሙ ሲጀምር ያንን የበራፉን ትዕይንት መልሶ ያሳያል፤ አሁን ድምፁ ጥርት ያለ ነው፣ ከሥሩም ጽሑፍ አለው። አባትየው ያለው ሁለት ቃል ብቻ ነው። «እባክሽ አትሂጂ» ነው ያለው። ይመር ፊልሙን አቆመ፣ መለሰ፣ ደግሞ አየው፣ ደግሞ መለሰ። ከዚያ ማይክራፎኑን አስቀምጦ ወጣ፤ ሳምንቱን ሙሉ ወደዚያች ክፍል አልተመለሰም።

ነገሩ የፊልም ብቻ ቢሆን ምን ችግር ነበረው። ሉባባ አሁን አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ውጤት ሳይመጣላት ቀርቶ፣ ሁለት ዓመት ቤት ተቀምጣ፣ በመጨረሻ ዓረብ አገር ለቤት ሠራተኝነት ልትሄድ ወረቀቷን ጨርሳለች። ለእናቷ ለከድጃ ስትነግራት ማንን እንደጠቀሰች መገመት አያቅታችሁም። «የመብረቋ አባት ምን አለ?» ነው ያለቻት። ይመር ከጓዳ ሆኖ ሰማ። ወጥቶ «ሰውዬው እንደዚያ አላለም፤ ያልኩት እኔ ነኝ» ማለት ነበረበት። አፈረ። ዘጠኝ ዓመት የታመነን ነገር ውሸት ነው ማለት ቀላል አይደለም፤ በተለይ አባት ለሆነ ሰው።

ትናንት ቀትር ላይ ሉባባ መጥታ አጠገቡ ቁጭ አለች።

«አባዬ፣ እስካሁን አንድ ቃል አልተናገርክም።»

«ምን ልናገር?»

«ሂጂ ወይ ቅሪ በለኝ። መኪናው በዘጠኝ ሰዓት ይመጣል። ጎረቤት ተሰናብቼ ስመለስ እጠይቅሃለሁ፤ ያልከኝን አደርጋለሁ። ወላሂ፣ ቅሪ ካልከኝ ሻንጣዬን እፈታለሁ።»

እሷ ወጣች። ይመር የሚላትን ሊያጠና ሶፋው ላይ ተቀመጠ። ሌላውን ሁሉ ሲያናግር የኖረ ሰው ለራሱ ሁለት ዓረፍተ ነገር አጥቶ ቁጭ አለ። «ሉባባ፣ ያን ንግግር የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ቅሪልኝ።» ይህችው ናት። ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ ባይኑ አልዞረም ነበርና ሦስተኛ ጊዜ ሲደግማት ዓይኑ ተከደነ።

ሕልሙ ከቪዲዮ ቤት ጀመረ። ይመር ሲገባ አግዳሚዎቹ ላይ የተቀመጡት የፊልም ሰዎች ናቸው፤ ካባ የለበሱ፣ ጭምብል ያጠለቁ፣ በጥይት ተመትተው ገና ያልወደቁ፣ ሁሉም ቆሎ እየቆረጠሙ። ፊቱ ላይ ጠባሳ ያለበት፣ አገር ሲያቃጥል የኖረ አንድ ክፉ ሰው ለሽማግሌ መቀመጫውን ለቆ «ይቅርታ አባቴ፣ እዚህ ይረፉ» እያለ ነበር። በቴሌቪዥኑ ውስጥ የሚታየው ኮምቦልቻ ነው። ጎረቤቱ ሎሚናት ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ሽንኩርት ትልጣለች። ተመልካቹ ትንፋሹን ውጦ ያያታል።

ሎሚናት ዓይኗን በእጇ ጀርባ ጠርጋ አንድ ነገር ተናገረች።

«ምን አለች? ምን አለች?» ተባባሉ። «ተርጓሚ የለም እንዴ?»

ማይክራፎን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበለ ይመር ዘንድ ደረሰ። ይመር በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድም ሳይጨምር ተረጎመ። «ሽንኩርቱ ዓይኔን አቃጠለኝ ነው ያለችው።»

ከኋላ አንድ የብረት ልብስ የለበሰ ጀግና ተነስቶ ቆመ።

«ይኼ ሰው ከራሱ ጨምሯል» አለ።

«ወላሂ አልጨመርኩም።»

«እንዲህ ያለ ሐዘን ላይ ሆና ስለ ሽንኩርት ታወራለች? አውጡልን።»

አራት ሆነው እጅና እግሩን ያዙና በቴሌቪዥኑ በኩል ወረወሩት። ይመር የወደቀው እዚያው ሎሚናት ደጃፍ፣ የሽንኩርት ልጣጩ ላይ ነው። ሎሚናት ግን አልነበረችም። ልጣጩን አራግፎ ወደ አስፋልቱ ወጣ።

ከተማው ኮምቦልቻ ነው፣ ግን የተገለበጠ ኮምቦልቻ ነው። የባጃጅ ሾፌሮች ባጃጃቸውን በጀርባቸው አዝለው ዳገት ይወጣሉ፤ ተሳፋሪው ከኋላ እየተከተለ «ቀስ በል፣ ይደክመዋል» ይላል። የጋሪ ፈረስ እግሩን አጣምሮ ጋሪው ላይ ተቀምጧል፣ ባለጋሪው ይጎትታል። ፈረሱ ይመርን ሲያይ ጋሪውን አስቆመ።

«ተርጓሚው ይመር አይደለህም?» አለው። የተናገረው በራሱ በይመር ድምፅ ነበር።

ይመር ዙሪያውን ሲያዳምጥ ሁሉም የሚያወራው በእሱ ድምፅ ነው። ሴቱም፣ ልጁም፣ ከሱቅ ደጃፍ የምትለምነውም ጭምር። ልመልስ ብሎ አፉን ሲከፍት ለእሱ የተረፈችው ለሽፍታው ሚስት የሚያወጣት ቀጭኗ ድምፅ ብቻ ሆና አገኛት።

«ነኝ» አለ በቀጭኑ።

«ወደ ሰልፉ እየሄድክ ከሆነ ና ውጣ» አለው ፈረሱ። ባለጋሪው ላቡን ጠረገና ሁለቱንም መጎተት ጀመረ።

ሰልፉ ከመናኸሪያው በር ተነስቶ ድልድዩን ያልፋል። የተሰለፉት በሙሉ ጀግኖች ናቸው። የሚበሩ፣ በግድግዳ የሚያልፉ፣ ከጣታቸው እሳት የሚተፉ፣ አንዱ ተራራ የሚሸከም፣ ሌላው ጊዜን የሚያቆም። እያንዳንዱ አንዳንድ ሻንጣ ይዟል፤ ሻንጣው ላይ ስሙ በማርከር ተጽፏል። ኮምቦልቻ ውጭ አገር ሆናለች፤ እነሱ ለቤት ሠራተኝነት መምጣታቸው ነው። ከፊት አንዲት ጠረጴዛ አለች፤ ከጠረጴዛዋ ኋላ ሎሚናት ዓባያዋን ለብሳ ተቀምጣለች። ሎሚናት በእውኑ ዓለም ጅዳ አሥራ አንድ ዓመት ሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች ሴት ናት፤ ዛሬ ግን ቀጣሪዋ እሷ ሆናለች።

«ምን ትችላለህ?» አለችው የፊተኛውን።

«ሕንፃ አነሳለሁ።»

«አንስተህ ከሥሩ ትጠርጋለህ?»

ጀግናው አሰበ። «ተለማምጄ አላውቅም።»

«ተመለስ። ቀጣይ። አንተስ?»

«ጊዜ አቆማለሁ።»

«እሱን እዚህም እናውቅበታለን። ምንጣፍ ማጠብ ትችላለህ? ሕፃን ትይዛለህ? አሮጊት ታነሳለህ? በሰዓት የሚሰጥ መድኃኒት አለባት።»

«ኧረ እማራለሁ እትዬ።»

ከጠረጴዛው ቀጥሎ ጤና ምርመራ ነው። መርማሪዎቹ መነጽር ያደረጉ በጎች ናቸው። ጀግናውን ወደፊት ያስመጡታል፣ አፉን ከፍተው ጥርሱን ይቆጥራሉ፣ ጀርባውን በሰኮናቸው ጫን ጫን እያደረጉ ሥጋውን ይለካሉ። «ይኼኛው ለዒድ ይደርሳል» አለ አንዱ በግ፣ ጽፎ አሳለፈው። ከበጎቹ ቀጥሎ ደግሞ ኃይል የሚወስዱት ናቸው። መብረርም ይሁን እሳት፣ ያለህን አውጥተህ በፌስታል ታስገባለህ፤ ይቋጠርና ለአሠሪህ ይሰጣል። «አይጠፋብህም፣ እሷ ትይዝልሃለች» ይሉታል። ተራራ የሚሸከመው ሰውዬ ኃይሉን ካስረከበ በኋላ ሻንጣውን ማንሳት አቅቶት ይጎትት ነበር።

ከዚያ መብረቋ መጣች። ካባዋን የፀጉር መሸፈኛ አድርጋው ነበር። ከፊልሙ ይልቅ አጠር ትላለች፤ ጫማዋ ሰፍቷታል።

«ዕድሜሽ?» አለች ሎሚናት።

«አሥራ አምስት።»

«ወረቀትሽ ሃያ አምስት ይላል።»

«ወረቀቱ በአሥር ዓመት ይበልጠኛል።»

«ደግ ነው፤ ታላቅሽን አክብሪ። አጨብጭቢ እስቲ።»

መብረቋ አጨበጨበች። ክብሪት የምታክል ብልጭታ ወጣች። ሎሚናት ቡታጋዟን አቅርባ ለኮሰችና «ጥሩ፣ ላይተር ከመግዛት ዳንኩ» አለች። ማኅተሙን መታች።

መብረቋ ዞር ስትል ይመርን አየችው። አላኮረፈችም። ባኮረፈች ይሻለው ነበር።

«ጋሼ ይመር፣ ደረስኩ» አለችው። «አባቴ ክንፍሽን ዘርጊ አለሽ ብለኸኝ የለ? መጀመሪያ ድምፁን አልሰማሁትም ነበር። አንተ ስትነግረኝ ነው የወጣሁት።»

«ልጄ፣ እሱ እንደዚያ አላለም።»

«ታዲያ ማን አለ?»

ይመር በቀጭኗ ድምፁ ሊመልስ ሲል የልጅቷ ፊት የሉባባ ፊት ሆነ። የሚያውቀው ፊት ነው፤ በግራ ቅንድቧ ላይ በልጅነቷ ከደረጃ ወድቃ የተሰፋችበት ምልክት ሳይቀር። ወዲያው አንድ በግ ክንዷን ይዞ ወደ ፌስታሉ ወሰዳት። ይመር ሊከተል ሲል ከኋላው አንድ እጅ ትከሻውን ያዘው።

የመብረቋ አባት ነበር። ያው የፊልሙ ሹራብ፣ ያው ያልተላጨ ጢም። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ እንደ ተቧጨረው ሲዲ ድምፅ አልነበረውም። ጉሮሮውን አጸዳ፣ ደግሞ ሞከረ፤ ሁለተኛው ላይ የይመር ድምፅ ወጣለት።

«ዘጠኝ ዓመት በአፌ ተናገርክ» አለው።

«ድምፅህ አልነበረም እኮ።»

«ከንፈሬ ነበረ።»

«ሲዲው ተቧጭሮ ነው ወንድሜ። ሰው እየጠበቀ ነበር። ዝም ልበል?»

«አዎ» አለ አባትየው። «ዝም ብትል ምን ነበረበት? አባት በራፍ ላይ ቆሞ ሲንቀጠቀጥ ያየ ሰው ምን እንደሚል ይጠፋዋል?»

እውነቱን ለመናገር፣ ይመር ያኔም ጠፍቶት አልነበረም። የተጻፈ ነገር ሳያነብ፣ ድምፅ ሳይሰማ፣ ሰውዬው ልጁን እየለመነ መሆኑን ያውቅ ነበር። ግን ልመና ቪዲዮ ቤት ውስጥ አያስጨበጭብም። ይህችን ነገር ለማንም ሳይናገር ዘጠኝ ዓመት ኖሯል፤ ለሚስቱም የነገራት ትናንት ነው።

«ና» አለው አባትየው። «የሁለታችንም ልጅ ገና አልሄደችም። የሚያስቀሩበት ቢሮ አለ አሉ።»

ሄዱ። ቢሮው ደጃፍ ላይ ፀሐይ ላይ የተሰለፉት ሠራተኞቹ ናቸው። ማኅተማቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ክላሰራቸውን አቅፈው፣ ገሚሶቹ ከጠዋት ጀምሮ ቆመው። ውስጥ ጠረጴዛው ጋ የተቀመጠው ባለጉዳዩ ነው። አንዲት ባልቴት እግሯን ዘርግታ «ዛሬ ሲስተም የለም፣ ነገ ተመለስ» ትላለች ለኃላፊው፤ ኃላፊው እጅ ነስቶ ወደ ሰልፉ ይመለሳል። ይመርና አባትየው ገና ሲገቡ ወንበር ተለቀቀላቸው። አንድ ሸምገል ያለ ጸሐፊ ባርኔጣውን አውልቆ ቀረበ።

«ጌታዬ፣ ማኅተሜን ተቀብለው ወረቀትዎ ላይ ይምቱልኝ፤ ሦስት ቀን ተመላለስኩ።»

«እመታልሃለሁ» አለ ይመር፣ «ግን አንድ ነገር ንገረኝ። ልጄ ልትሄድብኝ ነው። እንዴት ላስቀራት?»

ጸሐፊው ፈገግ አለ። «ለአገሩ እንግዳ ነዎት መሰለኝ። እዚህ የያዙት ይሄዳል፣ የገፉት ይቀራል። እስቲ ያን ወንበር ይያዙት።»

ይመር ወንበሩን ያዘ። ወንበሩ ከእጁ ወጥቶ በመስኮት ሄደ።

«አሁን ይህን ጠረጴዛ ይግፉት።»

ገፋው። ጠረጴዛው መጥቶ ጉልበቱን ተደገፈ፣ አልላቀቅም አለ።

«አዩ? ልጅዎም እንዲሁ ናት። ቅሪ ካሏት አለቀላት።»

የመብረቋ አባት ይህን አላመነም። «ልጄን አልገፋም» አለ። «አንድ ጊዜ በሰው አፍ ገፋኋት፣ ይበቃል።» ሮጦ ወጣ። መብረቋ ከፌስታሉ ጠረጴዛ አጠገብ ቆማ ነበር፤ አሁን ፊቷ የራሷ ነው። ደርሶ አቀፋት። ባቀፋት ቁጥር እንደ እርጥብ ሳሙና ወደ ላይ እያመለጠች በእጆቹ መሐል ወጣች፤ ከመናኸሪያው ጣሪያ በላይ፣ ከፋብሪካው ጭስ በላይ፣ እንደ ባሎን እያነሰች ሄደች። አባትየው ቀና ብሎ ሲያያት ቆየ። ከዚያ ወደ ይመር ዞሮ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። ድምፅ አልነበረውም። በዚህ ጊዜ ይመር ከራሱ ምንም አልጨመረም።

መናኸሪያው ውስጥ ትርምስ ነው። እናቶች ልጆቻቸውን በድንጋይ ያባርራሉ። «ጥፊ ከፊቴ፣ ዓይንሽን አልይ» እያሉ የሚሳደቡት ልጆቻቸው ተመልሰው ቀሚሳቸውን ይይዛሉ። ስንቅ ቋጥረው፣ አንገት አቅፈው የሚያለቅሱት ደግሞ ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። አውቶቡሱ ኋላ ኋላ እያለ ገባ። ሾፌሩ ከመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጦ ወደ ፊት ያያል፤ የሄደበትን እንጂ የሚሄድበትን አያይም። በሩ ተከፈተ። ሉባባ ሻንጣዋን ይዛ ከበሩ ሥር ቆማለች።

ይመር ሰውን እየገፋ ሄደ፤ የገፋው ሰው ሁሉ ክንዱ ላይ ስለሚንጠለጠል ሲደርስ አሥር ሰው እየጎተተ ነበር። አራገፋቸውና ከፊቷ ቆመ። የተባለውን ረሳው። ልጁን ሲያይ ማን ያስታውሳል፤ እጇን ያዛት።

ሉባባ አንድ ደረጃ ወጣች።

«ሉባባ፣ ቅሪልኝ» አላት።

ሁለተኛውን ደረጃ ወጣች። ፊቷ አልተለወጠም፤ እግሯ ነው የሚወጣው።

«ያንን ንግግር የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ሰውዬው አትሂጂ ነበር ያለው። የኔም ልብ እንደዚያው ነው። ሳምንቱን ሙሉ ይህን ልነግርሽ ነበር፤ አፍሬ ነው። አባትሽ ውሸታም ነው እንዳትዪኝ ብዬ ነው።»

እንዲህ ያለ ነገር ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። የወጣውም በቀጭኗ ድምፅ ሳይሆን በራሱ፣ በገዛ ድምፁ ነበር። ሉባባ ግን ሦስተኛውን ደረጃ ወጣችና በሩ ውስጥ ገባች። የአውቶቡሱ ሞተር ተነሳ።

ያኔ የጸሐፊው ነገር ትዝ አለው። በልቡ አላህን ይቅር በለኝ አለና የያዘውን እጇን ገፈተረው።

«ሂጂ» አላት።

አንድ ደረጃ ወረደች። ይመር ዓይኑን ማመን አቃተው።

«ሂጂ» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ፊልም ላይ የሚያወጣውን ድምፅ፣ ያለ ማይክራፎን ቪዲዮ ቤት የሚሞላውን። ሁለተኛውን ወረደች። ከንፈሯ መሳቅ ጀመረ።

«ሂጂ አልኩሽ እኮ!»

መሬት ረገጠች። ሻንጣዋ ራሱ ተከፈተ፤ ልብሷ እየበረረ ሄዶ ከመናኸሪያው አጥር ላይ ተሰጣ። አውቶቡሱ ባዶውን ኋላ ኋላ እያለ ወጣ። ሉባባ አጠገቡ አስፋልቱ ላይ ቁጭ አለችና ራሷን ትከሻው ላይ አሳረፈች። ይመር እንዳትነቃበት እንደፈራ ሰው ትንፋሹን ቀስ አድርጎ ተነፈሰ። ብዙ ጊዜ እንዲያ ቆዩ። ሰው ሁሉ ከመናኸሪያው ወጣ፣ ፈረሱም በጋሪው አለፈ፣ እነሱ አልተነሱም። በዕድሜው ሙሉ እንደዚያ ደስ ብሎት እንደማያውቅ ነው የተናገረው። እናምነዋለን።

«ይመር። አንተ ይመር፣ ተነስ እንጂ።»

ዓይኑን ሲገልጥ ከድጃ ከፊቱ ቆማለች። ሶፋው ላይ ነው። ፊቱ ላይ ፈገግታው አልጠፋም። የግድግዳው ሰዓት ወደ አሥር ሰዓት ተጠግቷል።

«ሉባባ የት አለች?»

«ሄደች እኮ።»

«የት ሄደች?»

«የት ትሄዳለች፣ መኪናው መጣ፣ ሄደች። እስካሁን ከሚሴ ሳይቃረቡ አይቀሩም።»

ይመር ተነስቶ ቆመ። «ሳትጠይቀኝ?»

ከድጃ እንደማታውቀው ሰው አየችው።

«አንተ ሰው፣ ምን ነክቶሃል? ጠየቀችህ እንጂ። እግርህ ሥር ተንበርክካ፣ እጅህን ይዛ ‹አባዬ፣ ልሂድ ወይስ ልቅር?› አለችህ። ሻንጣዋን ገሚሱን ፈትታው ነበር። ፊቷን አይቼ፣ ልጄ ልትቀር ነው ብዬ ነበር።»

«እኔስ? እኔ ምን አልኩ?»

«እጇን ገፈተርክና ሂጂ አልካት። አንዴም አይደል፣ ሦስት ጊዜ። ዓይንህን እንኳ አልገለጥክላትም፤ እንዳታለቅስባት ፈርተህ መሰለኝ።»

«ደውይላት። አሁኑኑ ደውይላት።»

«በምን? ስልክ አይፈቀድም ብለዋት የሷን ለኔ ትታ ነው የሄደች።»

«የሾፌሩንስ?»

«ሾፌሩን ማን ያውቀዋል?»

ይመር ሶፋው ላይ ተመልሶ ተቀመጠ።

«እያለቀሰች ነው የሄደችው?» አለ።

«ኧረ ደስ ብሏት» አለች ከድጃ። «‹ሳምንት ሙሉ ዝም ሲለኝ የተቀየመኝ መስሎኝ ነበር፤ አባዬ ከልቡ ፈቀደልኝ› እያለች፣ እየሳቀች ነው የተሳፈረችው።»